ፊኛ በራሴ ላይ ተሸክሜ ሚስት ልጠይቅ የሄድኩ ቀን

ይህን ታሪክ በአፌ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኛ እየለካሁ ማውራት ልማዴ ነው። ችግሩ የሰው ልኬት ቶሎ ያልቃል፣ ታሪኩ ግን ይረዝማል። ስንቱ ግማሹን ሰምቶ ሄዷል። ዛሬ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጽፈው ተቀምጫለሁ።

ነጂብ እባላለሁ። ጅማ፣ በቾ ቦሬ ተወልጄ እዚያው ያደግኩ ነኝ። ሦስት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ለልብስ ማጠቢያ ያፈላችው ውሃ ተገለበጠብኝ። ፊቴን አላህ አተረፈው። ከቀኝ ጆሮዬ በላይ ተነስቶ እስከ መሃል አናቴ ድረስ ግን መዳፍ የሚያህል ቦታ ተቃጠለ። ሲድን አንድም ፀጉር የማያበቅል፣ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ሆነ። እናቴ ቆብ ሰፋችልኝ። ቆቡ ሲጠበኝ ሌላ ሰፋችልኝ። እንዲህ እያለ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላኝ። ራሴን ገልጬ ያየኝ ከእናቴና ከአጎቴ ከአባ ቢያ በቀር ማንም አልነበረም።

ያልሞከርኩት የለም። ነጭ ሽንኩርት አሽቻለሁ፣ የጉሎ ዘይት ቀብቻለሁ፣ ሰዎች የነገሩኝን ቅጠል ሁሉ ጨምቄ አፍስሻለሁ። በመጨረሻ ስልኬ ላይ ማስታወቂያ አይቼ የፀጉር ማብቀያ ቅባት አስመጣሁ። ቅባቱ ጠባሳውን አቆሰለው። ቁስሉን ይዤ ሆስፒታል ብሄድ አንዲት ወጣት የቀዶ ጥገና ሐኪም አየችኝ። ቆቤን አውልቄ ስቀመጥ ከእፍረት የተነሳ ወለሉን ነበር የማየው።

«ማን ነው ቅባት ተቀባ ያለህ?» አለችኝ።

«ስልኬ።»

ሳቀች። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አስረዳችኝ። «ጠባሳ ላይ የፀጉር ሥር የለም። ሥር የሌለበት ቦታ ላይ ብትቀባ፣ ብታሽ፣ ምንም አይበቅልም። ግን ከጎኑ ያለው ቆዳህ ጤነኛ ነው፣ ፀጉርም ሞልቶታል። እሱን እንለጥጠዋለን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በትንሽ ቀዶ ጥገና ባዶ ፊኛ ከጤነኛው ቆዳ ሥር ይቀበራል። ከዚያ በየሳምንቱ በመርፌ ትንሽ ትንሽ የጨው ውሃ ይጨመርበታል። የእርጉዝ ሴት ሆድ እንደሚለጠጠው ቆዳው ከነፀጉሩ ቀስ እያለ ይለጠጣል። ሲበቃው ፊኛው ይወጣል፣ ጠባሳው ይቆረጣል፣ የተለጠጠው ቆዳ ቦታውን ይሸፍነዋል።

«እስከዚያው ድረስ ግን ጭንቅላትህ ያብጣል፤ ትችለዋለህ?» አለችኝ።

«ከቆብ ሥር ምን ይታያል ብለሽ ነው» አልኳት። ምን ያህል እንደሚያብጥ መች አውቄ።

በስምንተኛው ሳምንት ከጆሮዬ በላይ ትልቅ ብርቱካን የሚያህል ነገር ተቀምጦ ነበር። ቆብ እምቢ አለ። ሱቄን ዘግቼ ለጎረቤት «እባጭ ወጥቶብኝ ነው» አልኩና ቤቴ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ሀያት ደወለች።

ሀያት አጋሮ ውስጥ አስተማሪ ናት። የትምህርት ቤቷን የደንብ ልብስ ልታሰፋ መጥታ ነው የተዋወቅነው። ሁለት ዓመት ተፈላልገናል። በነዚያ ሁለት ዓመታት ስለ ብዙ ነገር አውርተናል፤ ስለ ቆቤ ግን አንድም ቀን አላነሳንም። እሷ አልጠየቀችም፣ እኔም አልነገርኳትም። ሐሳቤ ሕክምናውን በድብቅ ጨርሼ፣ ሙሉ ፀጉር አብቅዬ፣ ምንም እንዳልነበረ ሆኜ ልጠይቃት ነበር።

«ነጂብ፣ አባቴ እሁድ ሽማግሌ ይምጣ ብሏል» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ! ግን ሁለት ሳምንት ብንቆይስ?»

«አይሆንም። ሌላ የሚጠይቀኝ ሰው አለ፣ ነጋዴ ነው፣ ዘመዶቹ ቤታችንን አላስቀምጥ ብለዋል። ደግሞ አንድ ሰው ለአባቴ፣ ልጁ ጭንቅላቱ ላይ የሚደብቀው ነገር አለ ብሎታል። ስለዚህ አንተም ራስህ አብረህ ና ብሏል። በዓይኔ ልየው አለ።»

«እመጣለሁ» አልኳት።

አጎቴ አባ ቢያ ሽምግልናውን የሚመራው እሱ ነው። በወጣትነቱ ቡና ደላላ ነበር፤ መውጫ የሌለው ነገር ሲገጥመው ደስ ይለዋል። እሁድ ጠዋት ጭንቅላቴን ዞሮ ዞሮ አየና «ጥምጥም» አለ።

«ምን?»

«እንጠምጥምልህ። በጥምጥም ውስጥ ብርቱካን ይቅርና ሐብሐብ ይደበቃል። ከዚያ ሐጂ ሙክታር ጭንቅላትህን ግለጥ አይልህም። ጥምጥም የጠመጠመን ሰው ማን ግለጥ ይላል?»

ከሱቄ ነጭ ጨርቅ አውጥተን፣ እብጠቱን እንዳይጫን አድርጎ ዙሪያውን ሞልቶ ጠመጠመልኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ልጄ፣ ሳትዋሽ ተመለስ» አለችኝ። ያ ቃል መንገዱን ሙሉ አልተለየኝም።

መናኸሪያ ስንደርስ ነገር መበላሸት ጀመረ። ወይም መቃናት፤ አሁን ሳስበው የቱ እንደሆነ አላውቅም። የአጋሮው ሚኒባስ ረዳት ገና ሲያየኝ ሁለት ሰው ከጋቢና አስወረደ።

«ሼኻችን፣ ከፊት ይግቡ።»

«ኧረ እኔ ሼኽ አይደለሁም» አልኩ።

«ግድ የለም፣ ይግቡ» አለኝ፣ ጭራሽ አንገቱን ዝቅ አድርጎ። አባ ቢያ ከኋላዬ ክርኑን ወገቤ ላይ ሰካና «ግባ እንጂ፣ ጭንቅላትህ እንዳይገጭ እዚያ ይሻላል» ብሎ አንሾካሾከ። ገባሁ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ወዲያው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ሼሄ፣ ለጉልበቴ ዱዓ ያድርጉልኝ።»

«አላህ ያሽርዎት፣ እናቴ» አልኩ። ይህን ለማለት ሼኽ መሆን አያስፈልግም ብዬ። እሳቸው ግን «አሚን፣ አሚን» እያሉ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ፤ ጥቂት ቆይተው «መሻአላህ፣ ቀለል አለኝ» ሲሉ ሰማሁ።

መንገዱ ላይ ወዳለችው የቡ ከተማ ስንቃረብ ዝናቡ ወረደ። ሾፌሩ ውሃ የሞላውን ጉድጓድ አላየውም። ሚኒባሱ ዘለለ፣ እኔም ዘለልኩ፣ ጥምጥሜ ጣሪያውን መታ። ዶክተሯ ደጋግማ ያስጠነቀቀችኝ ነገር ቢኖር ይህ ነበር፦ እንዳትገጭ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ በቀኝ ጆሮዬ ሥር አልፎ በአንገቴ ወደ ጀርባዬ ሲወርድ ተሰማኝ።

ፊኛው ፈንድቷል። ስምንት ሳምንት ሙሉ ያጠራቀምኩት ቆዳ፣ የተቀበልኩት መርፌ ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ጠፋ።

«አቁም!» አልኩ። ሾፌሩ ደንግጦ አቆመ። ዘልዬ ወርጄ ወደ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሮጥኩ። አባ ቢያ እያለከለከ ተከተለኝ።

«ፈንድቷል አጎቴ፣ እየው፣ ውሃው ጀርባዬ ላይ ነው።»

ጣቱን ከጥምጥሙ ሥር አስገብቶ ዳሰሰ። ከዚያ ጣቱን አወጣና አሸተተው፤ ቀመሰውም። «ይሄ ጨው የለውም» አለ። ወደ ሚኒባሱ ዞሮ አየ። «የጋቢናው በር ነው የሚያፈሰው። የዝናብ ውሃ ነው። ፊኛህ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ተቀምጧል።»

በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አልሐምዱሊላህ እያልኩ ቀና ስል ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተሳፋሪ ወርዶ በረንዳው ላይ ቆሟል። አንዱ በጀሪካን ውሃ ውዱእ ያደርጋል። ያችው ባለ ጉልበቷ ሴት ለሰው ሁሉ ይናገራሉ፦ «የዙሁር ሶላት ሰዓት ገብቶ ነው ያስቆሙት። እኛ ስንዘናጋ እሳቸው አልዘነጉም።»

ሰዓቱ በእርግጥም ገብቷል። አንድ ሽበታም አባት ቀርበው «ያሰግዱን» አሉኝ።

«አይሆንም አባቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ። በዕድሜም በዕውቀትም ይበልጡኛል» አልኩ፤ እውነቴን ነው።

ወደ ሰዎቹ ዞረው «ትሕትናውን አያችሁ?» አሉ።

ዶክተሯ ራስህን አትድፋ ስላለችኝ እንደ በሽተኛ ተቀምጬ ሰገድኩ። ሲያልቅ ሴትዮዋ «በዚህ ዕድሜያቸው ሌሊት በሶላት ቆመው ወገባቸውን ጨርሰውታል» ብለው እንባ ቀረሽ አዘኑልኝ። አባ ቢያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ነበር። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። አንድ ቃል ሳልዋሽ፣ ዝም በማለቴ ብቻ የሌለኝን ክብር ለብሼ ቁጭ ብያለሁ። የእናቴ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር።

አጋሮ ስንደርስ ዝናቡ አባርቷል። ከአባ ቢያ ሁለት ጓደኞች ጋር ተገናኝተን፣ ተሰልፈን ሐጂ ሙክታር ግቢ ገባን። በረንዳው ላይ ማን ተቀምጠው ብናገኝ ጥሩ ነው? ባለ ጉልበቷ ሴት። የሐጂ ሙክታር ታላቅ እህት፣ የሀያት አክስት ኖረዋል። ቀድመውን ደርሰው ሁሉንም አውርተዋል።

«ሙክታር! ሙሽራው እኚህ ናቸው? ያልኩህ ሼኽ እኮ ናቸው!»

ሐጂ ሙክታር ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ትንሽ የሚናገሩ የቡና ገበሬ ናቸው። ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። አስገቡን። በቅቤ የታሸ ጩኮና ወተት ቀረበ። አባ ቢያ ተነስቶ ስለ ዘር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ጉርብትና በአማርኛም በኦሮምኛም አሳምሮ ተናገረ። ሐጂ እስኪጨርስ ታገሡትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ነጂብ። አንድ ሰው ጭንቅላትህ ላይ የምትደብቀው ነገር አለ ብሎኛል። እህቴ ደግሞ ሼኽ ነህ ትለኛለች። የቱን ልመን?»

አባ ቢያ «ሐጂ፣ ልጃችን...» ብሎ ሲጀምር እጄን ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩ።

«ሐጂ፣ ሼኽ አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ። የነገረዎት ሰው ነው ትክክል።»

ጥምጥሙን መፍታት ጀመርኩ። ጨርቅ በሜትር የምገዛ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ቀን ረጅም ጨርቅ ግን አይቼ አላውቅም። ዞሮ ዞሮ አያልቅም። የመጨረሻው ዙር ወደቀና ራሴ ተገለጠ፤ በአንድ በኩል የሚያብለጨልጨው ጠባሳ፣ ከጎኑ ፀጉር ያለበት ጉብታ። አክስቷ «ያ አላህ» ብለው አፋቸውን ያዙ።

ሐጂ ተነስተው መጡ። በላዬ ቆሙ።

«ይነካል?»

«ቀስ ብለው።»

ጠንካራ የገበሬ እጅ በጣም በዝግታ ጉብታውን ዳሰሰው። «ውስጡ ምንድን ነው?»

«ውሃ ነው። የጨው ውሃ።» ሁሉንም ነገርኳቸው። የፈላውን ውሃ፣ ቆቦቹን፣ ቅባቱን፣ ፊኛውን፣ የሚኒባሱንም ሶላት ሳይቀር። ሶላቱ ላይ ስደርስ ከአባ ቢያ ጓደኞች አንዱ ወተቱ ትን አለው።

ሐጂ ሰምተው ሲጨርሱ የራሳቸውን ቆብ አወለቁ። ራሰ በራቸው ከጠባሳዬ በላይ ያብለጨልጫል።

«ይሄንንስ በጨው ውሃ ማብቀል ይቻላል?»

«አይ ሐጂ» አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ፤ «የሚለጠጠው ፀጉር ያለው ቆዳ ነው። ምንም ከሌለ...»

«አልፎብኛል በለኛ።»

መጀመሪያ የሳቁት አክስቷ ናቸው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። እኔም ሳቅኩ፤ ራሴን ገልጬ በሰው ፊት ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐጂ ቆባቸውን መለሱና ፊታቸው ረጋ አለ። «እኔ በሽታ አልፈራሁም፤ የሚደብቅ ሰው ነበር የፈራሁት። አንተ አልደበቅህም። በእኔ በኩል ጨርሻለሁ። የቀረው የልጅቷ ነው። ሀያት!»

ሀያት ገባች። ራሴን አየችው። ዓይኗን ከላዬ አላነሳችም፣ ፊቷም ላይ ምንም አላነበብኩም። የዚያን ቀን ከሁሉ የፈራሁት ያኔ ነው።

«ያማል?» አለች።

«አሁን አያምም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ። ነፋስ ሲነፍስ ቆብህን በሁለት እጅህ ስትይዝ እያየሁ ዝም አልኩ። ራሱ ይነግረኛል ብዬ።» «ከአባቴ በፊት ለእኔ መንገር ነበረብህ።»

ሽማግሌዎቹ ወለሉን አዩ። ሐጂ ሙክታር «እዚህ ላይ ልክ ናት» አሉ።

«ልክ ነሽ» አልኳት። «ሙሉ ሰው ሆኜ ልመጣልሽ ፈልጌ ነው። ይቅር በይኝ።»

«ማን ጎዶሎ ነህ አለህ?»

ቀረብ ብላ ጉብታውን አየችና «ቀዶ ጥገናው መቼ ነው?» አለች።

«የዛሬ ሳምንት ማክሰኞ።»

ወደ አባቷ ዞረች። «አባ፣ ኒካሁ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይሁን። አልጋው አጠገብ የምቀመጠው ምኑ ሆኜ ነው? ሚስቱ ሆኜ ልቀመጥ።»

አባ ቢያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው ጠፋው። ሐጂ ወደ እህታቸው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ «ቶሌ» አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። «ሽማግሌው እዚሁ ነው፣ ምስክሩም እዚሁ ነው። ለምን ነገ አይሆንም? እናቱ ትምጣ።»

እናቴ በነጋታው በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። ግቢው ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ከነጉብታዬ ያለ ቆብ ቆሜ አየችኝ። እጇን ወደ ነጠላዋ ሰደደች፤ ልትሸፍነኝ ነበር። ሀያት ደርሳ እጇን ያዘቻትና ሳመችው።

«ይተውት፣ እናቴ። ነፋስ ይንካው።»

እናቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ሃያ ስምንት ዓመት ያንን የፈላ ውሃ ተሸክማው ኖራለች። እኔ ጭንቅላቴን ስደብቅ እሷ ጥፋቴ ነው የምትለውን ስትደብቅ እንደኖረች ያኔ ገባኝ። የሀያት አክስት አጠገቧ ተቀምጠው ስለ ሼኹ ልጇ እና ስለ ጉልበታቸው ሲነግሯት ግን ከእንባዋ መሃል ሳቅ አመለጣት። ጉልበታቸው ወላሂ እስከ ዛሬ ቀለል ብሏቸዋል፤ እኔን ሲያዩ አሁንም «ሼሄ» ነው የሚሉኝ።

ሀያት መህሯን፣ ሙሽራው የሚሰጣትን ስጦታ፣ ስትጠየቅ አንድ ቁርኣንና በእጄ የምሰፋው ቀሚስ አለች። ኒካሁ ታሰረ። ሴቶቹ እልል አሉ። የተነሳነው ፎቶ ላይ ሁሉም ሰው አንድ ጭንቅላት ሲኖረው እኔ ሁለት ጭንቅላት ያለኝ እመስላለሁ፤ በሕይወቴ ግን እንደዚያ የደላው ፊት ኖሮኝ አያውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ሀያት በአንድ በኩል፣ እናቴ በሌላ በኩል ሆነው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ሸኙኝ። ዶክተሯ «ይቺ ማን ናት?» ስትለኝ «ባለቤቴ» አልኩ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ገና አዲስ ነበር። በደህና ወጣሁ። ፋሻው ሲፈታ ጠባሳው በነበረበት ቦታ ከፀጉሬ መሃል ክር የመሰለ ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቷል። መስመሩ እንደማይጠፋ ዶክተሯ አስቀድማ ነግራኛለች። ልብስ ሰፊ ነኝና ስፌት አያሳፍረኝም፤ ጥሩ ስፌት ሳይ ደግሞ አውቃለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ሕክምና አያስፈልግም፣ ራስን መቀበል ብቻ ይበቃል ብዬ ልመክርዎት አይደለም። ፀጉሬን እወደዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አበጥረዋለሁ፣ ሀያት መስታወቱን ልቀቅልኝ እስክትል ድረስ። ዶክተሯ ዛሬ ብትጠራኝ ያንን መርፌ ሁሉ ደግሜ እወጋለሁ። የምለው ሌላ ነው። እኔ ፀጉሩ ሲመጣ ሕይወቴ ይጀምራል ብዬ ነበር። ሕይወቴ ግን አልጠበቀኝም፤ ጭንቅላቴ እጅግ በከፋበት ቀን ተጀመረ። መደበቁ ከጠባሳው ይልቅ እንደከበደኝ ያወቅኩት ካወረድኩት በኋላ ነው። የምወዳቸውም ሰዎች ከእኔ ጋር ሲሸከሙት እንደኖሩ እንዲሁ።

ባለፈው ሰሞን ከደዶ አንዲት እናት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ ሱቄ መጣች። ልጅቷ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። ላሽ ነው፤ ፀጉሯ በየቦታው ክብ ክብ እየሆነ ተመልጧል። ከሻሿ ሥር የሚደረግ፣ ምንም የማያሳይ ጠበቅ ያለ ቆብ እንድሰፋላት ነው የመጡት። ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ወሬዬን ጀመርኩ። የሷ ዓይነት ከእኔ የተለየ መሆኑን፣ ሥሩ ስላልሞተ ብዙ ጊዜ በሕክምና እንደሚመለስ ከዶክተሯ የሰማሁትን ነገርኳት፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድም እንድትሄድ መከርኳት። ከዚያ ስለ ሚኒባሱ አወራሁላት። በረንዳው ላይ ያሰግዱን መባሌን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት፤ ስትስቅ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ቶሎ አልመለሰችውም።

«እና ቆቡን ልስፋው ወይስ ይቅር?» አልኳት።

እናቷን አየች። ከዚያ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን አረንጓዴ ጨርቅ በጣቷ ነካች።

«ይሰፋ» አለችኝ። «ግን ከዚህኛው ይሁን። ለዒድ ከምለብሰው ቀሚስ ጋር ይሄዳል።»